ቃልን ሳያጎድል የፈታ ሰው፤ የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ

መጽሐፍን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሰው አደራ እንደ ተቀበለ መልእክተኛ ነው። የተሰጠውን መልእክት በመንገድ ላይ ቢቀንስ አደራ በላ ይባላል፤ ከራሱ ልብ ቢጨምርበትም ሐሰተኛ ይባላል። የታመነ መልእክተኛ ግን የተቀበለውን ቃል ሳይጨምርና ሳያጎድል፤ ሰሚውም በሚያስተውለው አነጋገር ያደርሰዋል። ይህ ነገር ሲናገሩት ቀላል ይመስላል፤ ሲሠሩት ግን ብዙ ድካም አለበት። ድካሙም እንዴት ያለ እንደ ሆነ በደንብ የምንማረው ከደከሙት ሰዎች ሕይወት ነው። ስለዚህ ልጆች ሆይ፤ በዚህ ትምህርት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሰውን የኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ እናነባለን። በታሪኩ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

፩፤ የልጅነቱ ዘመን

ኦኔሲሞስ በ1856 ዓ.ም. ገደማ በኢሉባቦር አገር፤ በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም የሚፈታ ማለት ነው። ልጆች ሆይ፤ በአማርኛ ፈታ የሚለውን ቃል አስተውሉ። የታሰረን በሬ እንፈታለን፤ የታሰረን ሰው እንፈታለን፤ ሕልም ያየ ሰውም ሕልሙን የሚፈታለት ይፈልጋል። የኦሮምኛውም ቃል እንዲሁ ሁለቱን ነገር ይይዛል፤ እስራትን መፍታትና የተሰወረን ቃል መፍታት። ልጁ ይህን ስም ባገኘበት ቀን ስሙ ወዴት እንደሚያደርሰው የሚያውቅ አልነበረም። ኋላ ግን ሁለቱም በሕይወቱ ተፈጸሙ።

ሂካ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተ። በዚያ ዘመን ባሪያ ፈንጋዮች በየአገሩ እየዞሩ ልጆችን ይሰርቁ ነበር፤ የሰረቁትንም ልጅ እንደ ከብት በገበያ ያቆሙት ነበር። ሂካም በእነዚህ ሰዎች እጅ ወደቀ። ከዘመዶቹ ተለየ፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እየተሸጠም ከምዕራብ ደጋ እስከ ቀይ ባሕር ዳር ድረስ ተነዳ። በመንገዱም ላይ የሚሰማው ቋንቋ ከእናቱ ቋንቋ የተለየ ነበረ። የመንገዱ መጨረሻ ምጽዋ ነበረ። ከዚህ ወደብ በመርከብ ወደ ማዶ የተሻገረ ልጅ ወደ አገሩ ሊመለስ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

በምጽዋ ግን ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነበረ፤ ለፈረንሳይ መንግሥትም ቆንሲል ሆኖ ይሠራ ነበር። ይህ ሰው በ1870 ዓ.ም. ልጁን ከባርነት ነፃ አወጣውና በዚያ ለነበሩት የስዊድን ሚሲዮን ሰዎች ሰጠው። በእነርሱም ቤት ሂካ ፊደል ቈጠረ፤ ማንበብና መጻፍም ተማረ። በ1872 ዓ.ም. መጋቢት 31 ቀን፤ በፋሲካ በዓል ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ።

ይህ ስም እንዲያው የተሰጠ አይደለም። በሐዋርያው በጳውሎስ ዘመን ኦኔሲሞስ የሚባል ባሪያ ነበረ፤ ጌታውም ፊልሞና ይባል ነበር። ባሪያው ከጌታው ተለይቶ ወደ ጳውሎስ መጣና ክርስቲያን ሆነ። ጳውሎስም ወደ ፊልሞና ሲመልሰው እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ደብዳቤ ጻፈለት። በምጽዋ የተጠመቀው ልጅም ባሪያ ሆኖ የተሸጠ፤ ኋላም ወንድም ሆኖ የተቀበሉት ነበረና ስሙ ከታሪኩ ጋር ተስማማ።

፪፤ ትምህርቱና የተዘጋው መንገድ

ኦኔሲሞስ በትምህርት ትጉህ ስለ ነበረ በ1876 ዓ.ም. ወደ ስዊድን አገር ተላከ። በስቶክሆልም አጠገብ ባለው በዮሐንስሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ያህል ተማረ። ፀሐይ በበጋ ጨርሳ የማትጠልቅ በምትመስልበት፤ በክረምትም ምድር ሁሉ በበረዶ በሚሸፈንበት በዚያ ሩቅ አገር ሲኖር ስዊድንኛን ተማረ፤ የመጽሐፍ ቅዱስንም ትምህርት አጠና። የልቡ ምኞት ግን አንድ ነበረ፤ እርሱም ወደ ወገኖቹ ተመልሶ በቋንቋቸው ማስተማር ነበረ።

በ1881 ዓ.ም. ወደ ምጽዋ ተመለሰና ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገባ። ወዲያውም ከጓደኞቹ ጋር ወደ ኦሮሞ አገር ሊሄድ ተነሣ። ቀጥተኛው መንገድ ስላልተከፈተላቸው በሱዳን በኩል ዞሩ። የዓባይን ወንዝ ተከትለው ፋማካ እስከሚባል ስፍራ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማለፍ አልቻሉም። አሬኒዩስ የሚባለው የስዊድን መምህር በበሽታ ሞተ፤ የማሕዲም ጦርነት በሱዳን ተነሥቶ ነበር። ኦኔሲሞስና የቀሩት በብዙ መከራ ወደ ካርቱም፤ ከዚያም ወደ ምጽዋ ተመለሱ።

በ1886 ዓ.ም. በሌላ መንገድ መጥተው እንጦጦ ደረሱ። በዚያ ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ግን ወደ ኦሮሞ አገር እንዲያልፉ አልፈቀዱላቸውም። ስለዚህ ኦኔሲሞስ ሁለተኛ ጊዜ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ።

እንግዲህ ሰው ደጁ ሲዘጋበት ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ወይም ደጁ በሚከፈትበት ቀን ይዞት የሚገባውን ነገር ያዘጋጃል። ኦኔሲሞስ ሁለተኛውን መረጠ። ምጽዋ አጠገብ በምትገኘው በእምኩሉ መንደር፤ በዚያ በሚያቃጥል ቆላ ተቀምጦ፤ እግሩ ሊደርስበት ወዳልቻለው አገር መጽሐፍ እንዲደርስ መሥራት ጀመረ። በ1887 ዓ.ም. የመዝሙር መጽሐፍ በኦሮምኛ ወጣ። ቀጥሎም ወደ ታላቁ ሥራ፤ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ገባ።

፫፤ የጎደለውን ያወቀ ተርጓሚ

ከኦኔሲሞስ አስቀድሞ ክራፕፍ የሚባል የጀርመን ሰው የመጽሐፍ ቅዱስን አንዳንድ ክፍሎች በኦሮምኛ አሳትሞ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ ግን ገና አልተመለሰም ነበር። በአማርኛም ቢሆን ይህ ሥራ ቀላል አልነበረም። የጎጃም ሰው የነበረው አቡ ሩሚ በግብፅ አገር በካይሮ ከተማ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ሲመልስ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶበታል፤ ሥራውም ተመርምሮ መጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ ታትሞ የወጣው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1840 ዓ.ም. ነው።

ኦኔሲሞስ ሥራውን በጀመረ ጊዜ አንድ ከባድ ነገር አገኘው። ስዊድንኛ ያውቃል፤ የመጽሐፍ ቅዱስን ምስጢር ተምሯል፤ የእናቱ ቋንቋ ግን አንሶበት ነበር። ከአገሩ የተነጠቀው በልጅነቱ ነውና የሚያውቀው ኦሮምኛ የልጅ ኦሮምኛ ነበረ። ልጅ የወተትንና የጥጃን፤ የእሳትንና የጨዋታን ስም ያውቃል። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲፈርዱ የሚናገሩትን፤ ገበሬ ስለ እርሻው፤ እናት ስለ ሐዘንዋ የምትናገረውን ቃል ግን ሁሉን አያውቅም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ደግሞ ይህ ሁሉ ቃል አለበት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጉድለት ይሸሽግ ነበር። ያላወቀውን ቃል በሚያውቀው ቃል እየተካ ቢያልፍ በእምኩሉ የሚወቅሰው ብዙ ሰው አልነበረም። ኦኔሲሞስ ግን ጉድለቱን አልሸሸገም፤ ከእርሱ ይልቅ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈለገ።

ይህ ሰው አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። አስቴር በ1872 ዓ.ም. ገደማ ተወልዳ በሊሙ ንጉሥ ቤት ባሪያ ሆና ነበር። በ1886 ዓ.ም. ከሌሎች ባሪያዎች ጋር ወደ ዓረብ አገር በመርከብ ስትወሰድ የኢጣሊያ መርከቦች መንገድ ላይ ያዙአቸውና ነፃ ወጡ። ከዚያም በእምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። አስቴር ከአገርዋ የወጣችው ካደገች በኋላ ስለ ሆነ ቋንቋዋ ሙሉ ነበረ። ተረቱን፤ እንቆቅልሹን፤ ምሳሌውን፤ ዘፈኑን ሁሉ በልብዋ ይዛ ነበር።

አስቴር የኦሮምኛን ቃላት እያሰበች በወረቀት ላይ ማስፈር ጀመረች፤ የቃላቱም ቊጥር ወደ 15,000 ደረሰ። ከዚህም ሌላ 500 የሚያህሉ ተረቶችን፤ ምሳሌዎችን፤ እንቆቅልሾችንና ዘፈኖችን ጻፈች። ሌሎችም ነፃ የወጡ የኦሮሞ ልጆች ከእነርሱ ጋር ይሠሩ ነበር። ኦኔሲሞስ አንድ ቃል ሲያጠራጥረው በዚህ የቃላት ስብስብ ይመረምረው ነበር። በገበያ እህል የሚሰፍር ሰው ጎዶሎ ቁና ይዞ በትክክል መስፈር አይችልም፤ አስቴር ሙሉውን ቁና ሰጠችው።

እንዲህ ሆኖ አዲስ ኪዳን በ1893 ዓ.ም. በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ኦኔሲሞስና አስቴር ለጀማሪ ተማሪዎች የሚሆን የማንበቢያ መጽሐፍ አወጡ፤ ከአስቴርም ተረቶች ብዙዎቹ በዚያ ውስጥ ገቡ። ይህን አስተውሉ፤ ማንበብ የማይችል ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስ ቢሰጡት አይጠቀምበትምና አስቀድመው ለልጆች እንደ እናንተ ላሉት አሰቡ።

፬፤ ቃልን መመዘን

ቃልን በትክክል መመለስ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማስተዋል ጥቂት ምሳሌዎችን እንይ።

የመጀመሪያው ምሳሌ የገብስ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ጌታ ብዙ ሕዝብ ባበላ ጊዜ እንጀራውን ያመጣው አንድ ብላቴና ነው፤ እንጀራውም የገብስ ነበረ። ተርጓሚ የስንዴ እንጀራ ብሎ ቢጽፍ ወይም ገብስ የሚለውን ቃል ቢተወው ታሪኩ የፈረሰ አይመስልም። ነገር ግን በዚያ አገር ስንዴ የባለጠጋ፤ ገብስ የድኻ ምግብ ነበረ። ገብስ የሚለው አንድ ቃል ብላቴናው የድኻ ልጅ እንደ ሆነ ይነግረናል። ቃሉ ቢጠፋ የልጁ ድህነት ይጠፋል፤ ከድህነቱ የሰጠው ስጦታም ትልቅነቱ ይቀንሳል። በአሰላ ዙሪያ፤ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የሚኖር ልጅ ገብስን ያውቃል፤ በኦሮምኛም ገርቡ ይለዋል። ለእንዲህ ያለ አንባቢ ቃሉን መንሣት በደል ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ባሪያ የሚለው ቃል ነው። የጳውሎስ መልእክቶች በተጻፉበት በጽርዕ ቋንቋ ባሪያ የሚሸጥና የሚለወጥ ሰው ስም ነው። ልቡ የሚራራ ተርጓሚ ይህ ቃል ይከብዳል ብሎ አገልጋይ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ነገር ግን አገልጋይ ደመወዙን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ባሪያ ግን የሚሄድበት የለውም። ጳውሎስ ፊልሞናን የለመነው ያ ሰው አገልጋይ ቢሆን ኖሮ ልመናው ቀላል በሆነ ነበር። ባሪያ ስለ ነበረ ግን ወንድም ይሁን ማለት የዚያን ዘመን ሥርዓት የሚያናውጥ ቃል ነበረ። ቃሉን ያለሰለሰ ተርጓሚ ኃይሉን ይወስድበታል። ኦኔሲሞስና አስቴር በገዛ ገላቸው የባርነትን ቀንበር ያዩ ናቸውና የዚህን ቃል ክብደት ማንም ሊያስተምራቸው አያስፈልግም ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ ከእነዚህ የተለየ ነው። ቃልን በትክክል መመለስ ማለት ሁልጊዜ የአንዱን ቋንቋ ቃል በሌላው ቋንቋ በዚያው በአካል ስሙ መጥራት አይደለም። የስዊድን ሰው ስለ ፍቅርና ስለ ሐዘን ሲናገር ልቤ ይላል። ዕብራውያን ግን ልብን ብቻ ሳይሆን ኵላሊትንም የአሳብ ስፍራ አድርገው ይናገሩ ነበር። የኦሮሞ ሰው ደግሞ ገራ ይላል፤ ገራ ማለት ሆድ ነው። እኛም በአማርኛ ሰው ሲያዝን ሆዱ ባባ፤ ሲታገሥም ሆደ ሰፊ ነው እንላለን። ስለ ሰው ልብ የሚናገር የጎስነር መጽሐፍ በ1899 ዓ.ም. ወደ ኦሮምኛ ተመልሶ ሲወጣ በአርእስቱ ላይ የተጻፈው ገራ የሚለው ቃል ነበረ። ይህ ቃልን ማጉደል አይደለም። የስዊድን ሰው በልቡ የሚያስበውን የኦሮሞ ሰው በሆዱ ያስባልና ቃሉ ትክክለኛ ስፍራውን አገኘ። ሰነፍ ተርጓሚ ለድካሙ ሲል ቃል ይለውጣል፤ ትጉህ ተርጓሚ ግን ለእውነት ሲል ይለውጣል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

አራተኛው ምሳሌ የበረዶ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ ከሰማይ እንደ ባዘቶ ከሚወርደው በረዶ ጋር ይመሳሰላል። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው በረዶ ግን ከዝናብ ጋር የሚወርደውና ሰብል የሚመታው ጠጠር ነው፤ እርሱ ስለ ንጽሕና ሳይሆን ስለ ጥፋት ያሳስባል። ስለዚህ የአማርኛ ተርጓሚዎች በነቢዩ በኢሳይያስ መጽሐፍ አመዳይ የሚለውን ቃል መረጡ። በአርሲ ደጋ በብርድ ወራት ማልዶ የተነሣ ልጅ በሣሩና በገብሱ ላይ ነጭ ሆኖ የተነጠፈውን አመዳይ ያያል። ቃሉን ሲያነብም ምን ያህል ነጭ እንደ ሆነ በዓይኑ ያስታውሳል።

አምስተኛው ምሳሌ የፊደል ነው። የኦኔሲሞስ መጽሐፎች የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበረ። ነገር ግን በኦሮምኛ ያለ፤ በግዕዝና በአማርኛ የሌለ ድምፅ አለ። ቅቤ በኦሮምኛ ሲጠራ የሚሰማው ያ ድምፅ ነው፤ ለእርሱም ዸ የሚል ፊደል ተቀጠለለት። ደግሞም ፊደላችን እንደ ተለመደው ሲጻፍ የሚጠብቀውን ቃል ከሚላላው ለይቶ አያሳይም። በአማርኛ ገና ብለን ስንጽፍ ቃሉ ቢላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ቢጠብቅ ግን የልደት በዓል ነው። በኦሮምኛም በዳ የሚለው ቃል ዳ ሲላላ ክፉ ማለት ነው፤ ዳ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው። በአርሲም በዳ የሚባል ተራራ አለ። እንግዲህ አንባቢ ሳያስተውል ቢያነብ መልካሙን ደጋ ክፉ አገር ያደርገዋል። አንዲት ድምፅ ምን ያህል ነገር እንደምትለውጥ ከዚህ እንማራለን። ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ የሚጻፍበት ቁቤ የሚባለው የላቲን ፊደል የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ በመጻፍ ይህን ልዩነት ያሳያል።

፭፤ መጽሐፉ ተፈጸመ፤ ደጁም ተከፈተ

ብሉይ ኪዳንም ተመልሶ ባለቀ ጊዜ ኦኔሲሞስ የኅትመቱን ሥራ ሊጠብቅ ወደ አውሮፓ ሄደ። መጽሐፉ የታተመው በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ፤ በቅድስት ክሪሾና ነበረ። የማተሚያ ሠራተኞች ቋንቋውን አያውቁምና አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሊያስተውሉ አይችሉም ነበር። ስለዚህ የታመነ ዓይን በገጹ ሁሉ ላይ ማለፍ ነበረበት። በ1899 ዓ.ም. መጽሐፍ ቅዱስ ሁሉ በኦሮምኛ ታትሞ ወጣ።

በ1904 ዓ.ም. የተዘጋው ደጅ ተከፈተ። ኦኔሲሞስ ከስዊድን ከተመለሰ 23 ዓመት አልፎት ነበር። እርሱና አስቴር ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ገቡ። ኦኔሲሞስ መጀመሪያ በቦጂ ተቀመጠ፤ ኋላም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በነቀምቴ ተቀበሉት። በዚያም ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም አስተማሪ ሆነች። ሕዝቡ የሚነበበውን በእናቱ ቋንቋ ሲሰማ ሳይተረጐምለት ያስተውል ነበር።

ነገር ግን መከራው አልቀረለትም። በትምህርቱ የተቈጡ ካህናት ከሰሱትና በ1906 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። አቡኑም ከአገር እንዲወጣ ፈረዱበት። ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ፈቀዱለት፤ እንዳይሰብክ ግን አዘዙት። ኦኔሲሞስም ታዝዞ ተመለሰና በትምህርት ሥራው ጸና። በ1916 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ እንዲያስተምር ፈቃድ ሰጡት። የአገሩ ሰዎች አባ ገመቺስ እያሉ ይጠሩታል። በ1931 ዓ.ም. ሰኔ 21 ቀን፤ በአገራችን አቆጣጠር በ1923 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን በነቀምቴ ሞተ።

፮፤ ከዚህ ታሪክ የምንማረው

የኦሮምኛ ቋንቋ ከወለጋ እስከ አርሲ፤ ከአርሲም እስከ ቦረና ይነገራል። አንድ ቋንቋ ቢሆንም አነጋገሩ በየአገሩ ጥቂት ይለያያል። በነቀምቴ የታወቀ አንድ ቃል በአሰላ ሊያሻማ ይችላል። ይህም የሚያስተምረን የትርጓሜ ሥራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚዘጋ እንዳልሆነ ነው። የመጀመሪያው ሰው ጫካውን መንጥሮ መንገድ ያወጣል፤ የሚከተለውም መንገዱን ያስተካክላል። ኋለኛው ግን ፊተኛውን ሊንቅ አይገባውም፤ በወጣለት መንገድ ሄዷልና።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ1899 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፍ በኦኔሲሞስ ስም ይጠራል፤ ብዙ ሰዎችም እርሱን ብቻ ያውቃሉ። አስቴር ጋኖ ግን በሥራው ውስጥ ታላቅ ድርሻ ነበራት፤ 15,000 ቃል የጻፈች እጅ እንዲህ በቀላሉ ልትረሳ አይገባም። ቃልን በትክክል መመለስ ጽድቅ ከሆነ የሠራተኛንም ስም በትክክል መጥራት ጽድቅ ነው። ስለ ኦኔሲሞስ የሚናገር ሁሉ አስቴርን ባይጠራ ታሪኩን ጎዶሎ አድርጎ ይመልሳል።

ልጆች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል መጽሐፍ ቅዱስን የሚተረጕሙ ጥቂቶች ይሆናሉ፤ ምናልባትም አንድም አይሆን ይሆናል። ነገር ግን ሁላችሁም በየቀኑ ቃል ትቀበላላችሁ፤ ቃልም ታደርሳላችሁ። እናታችሁ ወደ ጎረቤት ስትልካችሁ፤ መምህራችሁ ለአባታችሁ መልእክት ሲሰጣችሁ፤ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ለሌላ ስትነግሩ ተርጓሚዎች ናችሁ። ሁለት ጎረቤቶች የሚጣሉት ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም፤ በመካከላቸው የተመላለሰው ልጅ አንዲት ቃል ስለ ጨመረ ወይም ስላጎደለ ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር ያዙ። መጀመሪያ፤ የማታውቁትን ቃል እንደምታውቁት አድርጋችሁ አትለፉት፤ ኦኔሲሞስ አስቴርን እንደ ጠየቀ የሚያውቀውን ጠይቁ። ሁለተኛ፤ ከባዱን ቃል ለማለስለስ፤ ቀላሉንም ለማክበድ አትቸኩሉ፤ በተሰጣችሁ ሚዛን አድርሱት። ሦስተኛ፤ ቃሉ ለሰሚው እንዲገባው ድከሙ፤ ያልተስተዋለ መልእክት እንዳልደረሰ መልእክት ነውና።

ሂካ የተባለው ልጅ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ታስሮ ሳለ ሌላ ሰው ፈታው። እርሱም በተራው የታሰረውን ቃል ለወገኖቹ ፈታላቸው። እስራቱን የፈታለት ሰው አንድ ቀን ሠራ፤ ቃሉን ለመፍታት ግን የሰው ዕድሜ ተከፈለበት። የታመነ ሥራ ዋጋው ይህ ነው፤ ፍሬውም ከሠራተኛው ዕድሜ ይልቅ ይረዝማል።

ጥያቄዎች

1. ሂካ የሚለው ስም ትርጓሜው ምንድር ነው? በአማርኛስ ፈታ የሚለው ቃል በስንት ነገር ይነገራል?
2. ኦኔሲሞስ የእናቱ ቋንቋ ያነሰበት ስለ ምንድር ነው? ጉድለቱንስ እንዴት አድርጎ ሞላው?
3. አስቴር ጋኖ ስንት ቃል ሰበሰበች? ከቃላቱ ሌላስ ምን ጻፈች?
4. በዮሐንስ ወንጌል ገብስ የሚለው ቃል ቢጠፋ ከታሪኩ ምን ይጎድላል?
5. ባሪያና አገልጋይ ልዩነታቸው ምንድር ነው?
6. በአማርኛ ሲጠብቅና ሲላላ ትርጓሜው የሚለወጥ ሌላ ቃል ፈልጋችሁ ጻፉ።